የምስጢር መልእክት ታሪክ፦ ከማኅተም ቀለበት እስከ እጅ ስልካችን

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበው የተወሰደ)

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ከአሶሳ ከተማና ከአካባቢው ወረዳዎች ደጋግሞ የሚደርሰን አንድ ጥያቄ አለ። «በዋትስአፕና በቴሌግራም የምንለዋወጠውን ነገር ከእኛና ከተቀባዩ ሌላ የሚያየው አለ ወይ?» የሚል ነው። ጠያቂዎቹ ሰላዮች አይደሉም። አንዷ ባሏ ዐረብ አገር የሚሠራ እህት ናት። ሌላው የልጁን ኒካሕ ሩቅ ካለ ወንድሙ ጋር የሚመክር አባት ነው። ሌላው ደግሞ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም የሱዳን ጦርነት ሲነሳ በኩርሙክ በኩል ወደ ክልላችን የገባና ከኋላው የቀሩትን ዘመዶቹን በስልክ የሚፈልግ ስደተኛ ወንድም ነው። ሁሉም የቤታቸውን ገመና ለዚህች ትንሽ ዕቃ አደራ ሰጥተዋል።

ጥያቄው አዲስ ይመስላል እንጂ አዲስ አይደለም። ሰው ደብዳቤ መጻፍ ከጀመረ ጊዜ አንስቶ ሲጠይቀው ኖሯል። ስለዚህ መልሱን ከታሪክ ብንጀምር ይቀለናል።

ማኅተምና ታማኝ ጸሐፊ

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለነገሥታት ደብዳቤ ሊልኩ ባሰቡ ጊዜ ነገሥታቱ ያልታተመ ደብዳቤ እንደማያነቡ ተነገራቸው። ስለዚህ «ሙሐመድ ረሱሉላህ» የሚል የተቀረጸበት የብር ቀለበት አሠሩ። ይህ ቀለበት ከእርሳቸው በኋላ በአቡበክር፣ በዑመርና በዑስማን (ረ.ዐ) እጅ ኖረ። በዑስማን ዘመን በመዲና ከአሪስ ጉድጓድ ውኃ ውስጥ ወድቆ ቢፈለግም አልተገኘም።

ማኅተም ብቻውን ግን አልበቃም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከአይሁዶች ጋር የሚጻጻፉት በሌላ ሰው እጅ ስለነበር በዚያ አልተማመኑም። ወጣቱን ዘይድ ኢብኑ ሣቢትን (ረ.ዐ) ጽሑፋቸውን እንዲማር አዘዙት። ዘይድም በአጭር ጊዜ ተምሮ የሚላከውን ይጽፍ፣ የሚመጣውን ያነብ ጀመር። ልብ በሉ! ደብዳቤ የሚያልፍበት እጅ ሁሉ የሚጠየቅ እጅ ነው።

ከመካ መከፈት በፊት የሆነውም ይታወቃል። ሓጢብ ኢብኑ አቢ በልተዓ (ረ.ዐ) የሙስሊሞቹን ዝግጅት ለመካ ሰዎች የሚያሳውቅ ደብዳቤ ጽፎ በአንዲት ሴት እጅ ላከ። ሴትየዋ በፀጉሯ ጉንጉን ውስጥ ሸሸገችው። ዐሊ፣ ዙበይርና ሚቅዳድ (ረ.ዐ) ረውደቱ ኻኽ በሚባል ቦታ ደርሰውባት ደብዳቤው ወጣ። ያ ደብዳቤ የተሸሸገ እንጂ የተቆለፈ አልነበረም። የተሸሸገ ነገር ሲገኝ ያገኘው ሁሉ ያነበዋል።

በሙዓዊያ (ረ.ዐ) ዘመን የሆነውን ደግሞ የታሪክ ጸሐፊዎች እንዲህ ይተርካሉ። ለዐምር ኢብኑ ዙበይር 100,000 ድርሃም እንዲከፈለው በኢራቅ ለነበረው ለዚያድ ደብዳቤ ጻፉለት። ሰውየው መንገድ ላይ ከፍቶ መቶውን ሁለት መቶ አደረገው። ሒሳቡ ሲቀርብ ነገሩ ተጋለጠ። ከዚያ ወዲህ ሙዓዊያ «ዲዋኑል ኻተም» የተባለውን የማኅተም መሥሪያ ቤት አቋቋሙ፤ ደብዳቤም ታጥፎና ታስሮ ይታተም ጀመር።

ከዚህም የከፋ አለ። በዑስማን (ረ.ዐ) የመጨረሻ ጊዜ የእርሳቸው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ወደ ግብፅ በሚወስደው መንገድ ላይ ተያዘ። ወደዚያ የሚመለሱት ሰዎች እንዲቀጡ የሚያዝ ነበር። ዑስማን አለመጻፋቸውን፣ አለማዘዛቸውንም በአላህ ስም ማሉ። ማኅተሙ የእርሳቸው ቢሆንም ቃሉ የእርሳቸው አልነበረም። ሰዎቹ ግን አልሰሙም፤ በ35ኛው ዓመተ ሂጅራ ኸሊፋው በቤታቸው ተገደሉ።

ከእነዚህ ታሪኮች ሦስት ጥያቄዎች እናገኛለን። መልእክቱን ማን ያነበዋል? በእርግጥ የላከው ማን ነው? መንገድ ላይ ተለውጧል ወይ? የዛሬዎቹ መተግበሪያዎች የሚታገሉት ከእነዚሁ ሦስት ጥያቄዎች ጋር ነው። አራተኛ ጥያቄም አለ፤ ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ፊደል የቆጠረው ሊቅ

ሰዎች መደበቅ ካልበቃቸው ፊደልን መለዋወጥ ጀመሩ። በአንዱ ፊደል ፈንታ ሌላውን እየጻፉ ቃሉን ይሰውራሉ። ይህ ዘዴ ለረጅም ዘመን የማይፈታ መስሎ ኖረ። ፈቺው የተገኘው ከባግዳድ ነው። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ያዕቁብ ኢብኑ ኢስሓቅ አል-ኪንዲ የተመሰጠሩ ጽሑፎችን ስለ መፍታት አንድ ሪሳላ ጻፈ። እስከ ዛሬ በእጃችን ካሉት በዚህ ጉዳይ ከተጻፉ ሥራዎች ሁሉ ቀዳሚው ነው። ቅጂው የተገኘው በኢስታንቡል ነው።

ዘዴው ለመረዳት ቀላል ነው። በማንኛውም ቋንቋ አንዳንድ ፊደል ደጋግሞ ይመጣል፤ አንዳንዱ ብዙም አይታይም። በዐረብኛ አሊፍና ላም ይበዛሉ። እንግዲህ በተመሰጠረው ጽሑፍ ውስጥ ከሁሉ የበዛውን ምልክት ቆጥረህ «ይህ አሊፍ ሳይሆን አይቀርም» ትላለህ። ቀጣዩንም እንደዚሁ። እያለ እያለ ጽሑፉ ይፈታል። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ የቆላፊና የፈቺ እሽቅድምድም ነው። ጀርመኖች አይፈታም ብለው የተማመኑበትን «ኤኒግማ» የተባለ መኪና የፖላንድ የሒሳብ ሊቃውንት እ.ኤ.አ በ1932 ፈተውታል።

በእኛም አገር

ይህ የሩቅ ሰዎች ታሪክ ብቻ አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቤኒሻንጉል ሸይኾች ከሱዳን ጋር በወርቅና በንግድ ሲገናኙ ደብዳቤያቸው በዐረብኛ ተጽፎ በመልእክተኛ እጅ ይሄድ ነበር። መልእክተኛው ከታመነ መልእክቱ ይታመናል፤ እርሱ ከተያዘ ምስጢሩም ተያዘ። እ.ኤ.አ በ1898 ገደማ የራስ መኮንን ዘመቻ ወደዚህ ከመጣ በኋላ የአሶሳው ሸይኽ ኾጀሌ አል-ሐሰን ከአዲስ አበባው ቤተ መንግሥት ጋር የተሳሰሩ ሰው ሆኑ። በአዲስ አበባ ሸጎሌ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእርሳቸው ነው።

በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ በ1894፣ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የስልክ መስመር መዘርጋት ተጀመረ። ሽቦ ከመልእክተኛ ይፈጥናል፤ ነገር ግን መሐል ላይ ሆኖ መስመር የሚያገናኘው ሠራተኛ ሁሉን ሊሰማ ይችላል። ሬዲዮ ሲመጣ ደግሞ ጠላትም ጆሮውን ጣል አደረገ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የጠላት ጦር የኢትዮጵያን የሬዲዮ መልእክቶች እየጠለፈ ያነብ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ጦር መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም በማይጨው ማጥቃት ሲጀምር ጠላት ጥቃቱን እየጠበቀ ነበር። በአየር ላይ የተለቀቀ ቃል ስንት ሰው እንዳስፈጀ አስቡት።

እኛ ልጆች ሆነን በቴሌ ቢሮ ተሰልፈን ስልክ የደወልንበትን ጊዜ የምታስታውሱ አላችሁ። ተራችን ሲደርስ ወደ ጠባቧ ክፍል ገብተን መስመሩ ስለማይሰማ እየጮህን እናወራለን፤ ውጭ የተሰለፈው ሁሉ የቤታችንን ጉዳይ ሰምቶ ይሄዳል። በአገራችን ሞባይል የጀመረው እ.ኤ.አ በ1999 ነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት ተቋርጦ እስከ 2000 ዓ.ም መግቢያ ድረስ ቆይቷል። በተለመደው የስልክ መስመር የምንልከው አጭር የጽሑፍ መልእክት ዛሬም ቢሆን ለቴሌኮም ድርጅቱ እንደተከፈተ ወረቀት ነው።

ጓጉንቸሩ

የጥንቱ ምስጠራ አንድ ትልቅ ችግር ነበረበት። ሁለቱ ሰዎች አስቀድመው ተገናኝተው በአንድ ቁልፍ መስማማት ነበረባቸው። አሶሳ ያለችው እናት ጅዳ ካለች ልጇ ጋር እንዴት አድርጋ ቁልፍ ትለዋወጣለች? መፍትሔውን እ.ኤ.አ በ1976 ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን የተባሉ አሜሪካውያን ይፋ አደረጉ።

በምሳሌ እናስረዳው። ልጅቱ ብዙ ክፍት ጓጉንቸሮች ገዝታ ለሚጽፉላት ሁሉ ታድላለች እንበል። ቁልፉን ግን ለማንም አትሰጥም። እናት መልእክቷን ሣጥን ውስጥ አድርጋ በልጇ ጓጉንቸር ትቆልፈዋለች። ከተቆለፈ በኋላ እናትም ራሷ ልትከፍተው አትችልም። ሣጥኑን የሚያጓጉዘው ድርጅትም ሆነ መንገድ ላይ የሚጠልፈው ሌባ ቁልፍ የለውም። የዛሬው ስልክ ይህን በሒሳብ ይሠራዋል። ጓጉንቸሩን ለሌሎች ያድላል፤ ቁልፉን በሆዱ ይይዛል። ከጫፍ እስከ ጫፍ መመስጠር የሚባለው ይህ ነው።

ሲግናል በተባለው መተግበሪያ የተሠራበት አሠራር ቁልፉን በየመልእክቱ ስለሚለውጥ አንዱ ቁልፍ ቢሰረቅ ያለፈውን አይከፍትም። ዋትስአፕ ይህንኑ አሠራር ወስዶ እ.ኤ.አ በሚያዝያ 2016 ለተጠቃሚዎቹ ሁሉ አዳረሰ። ሜሴንጀር ደግሞ በግል ለሚደረግ ንግግር ያለ ምርጫ እንዲሠራ ማድረግ የጀመረው እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 2023 ነው። ይህ ሒሳብ በአግባቡ ከተሠራ እስካሁን መንገድ ላይ ሰብሮት ያነበበ በይፋ አልታወቀም። ስለዚህ ለጥያቄያችሁ የመጀመሪያው መልስ «አዎ፣ መንገዱ ተቆልፏል» የሚል ነው።

ቴሌግራም ግን ከእነዚህ ይለያል። በአገራችን በብዛት የምንጠቀምበት እርሱ ስለሆነ በደንብ እንረዳው። በቴሌግራም የተለመደው ንግግር፣ ግሩፑና ቻናሉ የሚቀመጠው በድርጅቱ ማከማቻ ነው፤ ቁልፉም በድርጅቱ እጅ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚቆለፈው «ምስጢራዊ ንግግር» የሚባለው ብቻ ነው። እርሱም ለብቻው ካልተከፈተ አይሠራም፤ በሁለት ሰዎች መካከል ብቻ ነው። የድርጅቱ መሥራች ፓቬል ዱሮቭ እ.ኤ.አ በነሐሴ 2024 በፈረንሳይ ከታሰረ በኋላ ድርጅቱ በሕግ ሲጠየቅ የወንጀል ተጠርጣሪዎችን ስልክ ቁጥርና የኢንተርኔት አድራሻ እንደሚሰጥ አስታውቋል። የጀመዓ ማስታወቂያና የደርስ ፕሮግራም በቴሌግራም ግሩፕ ቢወጣ ምንም አይደለም። የሰው ገመና ግን በዚያ አይጻፍም።

ታዲያ ምስጢሩ በየት በኩል ይወጣል?

መንገዱ ከተቆለፈ ሌባው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቤቱ ማለት ስልኩ ነው። መልእክቱ በስክሪኑ ላይ ሊነበብ ሲፈታ ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን በስልኩ ውስጥ ለተደበቀ ሁሉ ይፈታል። ይህ በኢትዮጵያውያን ላይ ደርሷል። በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ በ2014 ባወጣው ዘገባ፣ በውጭ አገር የሚሠሩ የኢሳት ቴሌቪዥን ባልደረቦች በስካይፕ በኩል የስለላ ፕሮግራም ያዘለ ፋይል እንደተላከባቸው አሳይቷል። በ2013 እና በ2017ም በሌሎች ኢትዮጵያውያን ላይ ስለተደረገ ተመሳሳይ ሙከራ ጽፏል። የስካይፕ መንገድ መመስጠሩ ለእነዚህ ሰዎች ምን ይጠቅማቸዋል? ወጥመዱ የተላከው ኮምፒውተራቸው ውስጥ እንዲገባ ነውና። ዋትስአፕም እ.ኤ.አ በ2019 በጥሪ አገልግሎቱ በኩል 1,400 ያህል ስልኮች በስለላ ፕሮግራም መጠቃታቸውን አስታውቋል።

ሁለተኛው በር የፖስታው ሽፋን ነው። ደብዳቤው ታሽጎ ቢሆንም ማን ለማን፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ እንደላከ ከሽፋኑ ይነበባል። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ በመጋቢት 2014 ባወጣው ዘገባ፣ በዚያ ዘመን የጸጥታ አካላት የሰዎችን የስልክ ግንኙነት ዝርዝርና ድምፅ በቀላሉ ያገኙ እንደነበር፣ የታሰሩ ሰዎችም በምርመራ ጊዜ የራሳቸውን ንግግር እንደተሰማባቸው ገልጿል። መተግበሪያዎቹም በዚህ ይለያያሉ። ሲግናል እ.ኤ.አ በ2016 በአሜሪካ ፍርድ ቤት በኩል የአንድ ሰው መረጃ ሲጠየቅ ሊሰጥ የቻለው ሰውየው የተመዘገበበትንና ለመጨረሻ ጊዜ የገባበትን ቀን ብቻ ነው፤ ሌላ አላስቀመጠም። ዋትስአፕ ግን የመልእክቱን ቃል ባያይም ከሽፋኑ ብዙ ነገር ያውቃል።

ሦስተኛው በር መጠባበቂያ ቅጂ ነው። ስልካችን ቢጠፋ ብለን መልእክቶቻችንን ወደ ጉግል ወይም ወደ አፕል ማከማቻ እናስቀምጣለን። ዋትስአፕ ይህን ቅጂ በራሳችን የይለፍ ቃል የምንቆልፍበትን አማራጭ ያመጣው እ.ኤ.አ በ2021 ነው፤ ካልመረጥነው አይቆለፍም። የፊት በሩን ዘግቶ የጓሮውን ክፍት መተው ማለት ነው።

አራተኛው በር በዑስማን (ረ.ዐ) ላይ የደረሰው ዓይነት ነው። ሌባው በስልክ የሚላክልንን ባለ 6 አሃዝ የማረጋገጫ ቁጥር «በስህተት ወደ አንተ መጥቷል፣ ላክልኝ» ብሎ ይወስድና በስማችን ይገባል። ከዚያ ለዘመዶቻችን «ቸግሮኛል፣ ብር ላኩ» ይላል። ማኅተሙ የእኛ ነው፤ ቃሉ ግን የእኛ አይደለም።

በዚህ ላይ መንገዱ ራሱ ሊዘጋ ይችላል። እ.ኤ.አ በ2020 መጀመሪያ በጎረቤታችን በወለጋ ለሦስት ወር ገደማ፣ በዚያው ዓመት ከሰኔ 30 ጀምሮ ደግሞ በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ከአሶሳ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው በወለጋ ሲያልፍ ቤተሰቡ ምን ያህል ይጨነቅ እንደነበር የምታውቁ ታውቃላችሁ። ቁልፍ ምስጢር ይጠብቃል እንጂ መንገድ አይከፍትም።

ሰውን መሰለል በዲናችን የተከለከለ ነው፤ ሱረቱል ሑጁራት 12ኛ አንቀጽ ላይ በግልጽ ሰፍሯል። የአገራችን ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 የሰው ደብዳቤ፣ የስልክና የኤሌክትሮኒክስ ግንኙነት እንደማይደፈር ደንግጓል። ይህን መብት የሚጠብቅ ባለሥልጣንም፣ መብቱን የሚያውቅ ዜጋም ያስፈልገናል።

አራተኛው ጥያቄ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሌላው ሰው ነው። አሁን ስለ ራሳችን እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እህት በትዳሯ ተቸግራ ምክር ፈልጋ ረዘም ያለ የድምፅ መልእክት ላከችልን። መልእክቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተቆልፎ መጣ፤ በመንገድ የሰማው የለም። እኛ ግን ስልካችንን ቻርጅ ላይ ሰክተን ዙህር ልንሰግድ ወጥተን ነበር። ልጆቻችን ጨዋታ ስለሚጫወቱበት መክፈቻውን ያውቁታል። ልጃችን የጀናዛ ጥሪ መስሎት ለእናቱ ሊያሰማ ከፈተው። ቤት ውስጥ እንግዶች ነበሩ። የእህታችን ድምፅ ሳሎኑን ሞላው፤ ከእንግዶቹ አንዷም ድምፁን አወቀችው። መግሪብ ሳይደርስ ነገሩ ከባሏ ዘመዶች ጆሮ ገባ። በሁለት ሽማግሌ ሊያልቅ ይችል የነበረው ጉዳይ የሰፈር ወሬ ሆነ።

ማንን እንውቀስ? ድርጅቱን አንወቅስም፤ ቁልፉ ሥራውን ሠርቷል። ልጁንም አንወቅስም፤ ስልኩን የሰጠነው እኛ ነን። ቤቷ ድረስ ሄደን አውፍታ ጠየቅናት። አውፍ አለችን። ይህንንም ለሌላው ትምህርት ይሁን ብላ እንድንናገር ፈቅዳልናለች። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ምክር ስትፈልግ በእግሯ ትመጣለች እንጂ መልእክት አትልክልንም።

አራተኛው ጥያቄ ይህ ነው፦ መልእክቱ የደረሰው እጅ ምን ዓይነት እጅ ነው? እ.ኤ.አ በመጋቢት 2025 የአሜሪካ ከፍተኛ ባለሥልጣናት በየመን ላይ ስለሚደረግ ጥቃት በሲግናል ሲመካከሩ በስህተት አንድ ጋዜጠኛ ግሩፑ ውስጥ አስገብተው ነበር። ቁልፉን የሰበረው የለም፤ በሩን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው። ሰው ዘወር ዘወር ብሎ አይቶ የነገረን ነገር አማና እንደሆነ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። በድምፅ የተላከልንን መልእክት ለሌላ ማስተላለፍ፣ የሰውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ ግሩፕ ላይ መለጠፍ፣ ይህ ሁሉ አማናን መክዳት ነው። ለዚህ ቁልፍ የሠራ ሊቅ እስካሁን የለም።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ እነዚህን አድርጉ። ለስልካችሁ መክፈቻ አድርጉለት፤ ለልጆች ጨዋታ ሌላ ስልክ ከሌለ መተግበሪያውን ለብቻው ቆልፉት። በዋትስአፕና በቴሌግራም ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ፤ የሚላክላችሁን ቁጥር ለማንም አትስጡ። «የተገናኙ መሣሪያዎች» የሚለውን ከፍታችሁ የማታውቁት ካለ አስወጡ። ስልክ ቤት ወስዳችሁ ያስከፈታችሁት ከሆነ የይለፍ ቃሉን ቀይሩ። መጠባበቂያ ቅጂውን ቆልፉ። ከሚያሳስባችሁ ሰው ጋር በዋትስአፕም በሲግናልም ያለውን ባለ 60 አሃዝ ቁጥር ፊት ለፊት ስትገናኙ አስተያዩ፤ የዛሬው ማኅተም እርሱ ነው። ዘመድ በጽሑፍ ብር ከጠየቀ ደውላችሁ ድምፁን ሳትሰሙ አትላኩ። ከባድ ምስጢር ከሆነ ደግሞ እንደዚያች እህታችን በእግር መሄድ ዛሬም አላረጀም።

የነቢዩ ቀለበት ጉድጓድ ውስጥ ከወደቀ ዘመናት አለፉ። ዘይድ ኢብኑ ሣቢት የታመነበት አማና ግን አልወደቀም፤ ዛሬ በእያንዳንዳችን እጅ ነው። አላህ (ሱ.ወ) አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።